ገላውና የሞጣው ማሽን

ያ ጥር ደረቅ ነበር። ሌላ ጊዜ ጥር ሲገባ ቢቸና ደስ ትላለች። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፣ ሰዉ ፈታ ብሏል፣ በየሰፈሩ ዳስ ይጣላል፣ የሠርግ መኪና ጡሩንባ ከጧት እስከ ማታ ይጮኻል። ያን ዓመት ግን ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ፊታችን ላይ ይበትነው ነበር። እኔም ጡሩንባ በሰማሁ ቁጥር በሬን እዘጋ ነበር። የወንድሜ ልጅ ገላው ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ፣ ሌላ ሰው በገዛ ከተማው ሠርግ ሲቀርፅ ያየሁት በዚያ ጥር ነው።

የምትዳረው የጎረቤታችን የባለሱቁ የኃይለ ሚካኤል ልጅ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ስትፈተን የፈተና ፎቶዋን ያነሣት ገላው ነው። ሠርጓን ግን ሞጣ ድረስ ሰው ልከው ባየ የሚባለውን ፎቶ አንሺ አመጡ። ባየ በነጭ መኪና መጣ፤ ካሜራው በዝቷል፣ ረዳቶቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰዋል። ሙሽራይቱ ከመኪና ስትወርድ ያ የሚበረው ካሜራ፣ ድሮን የሚሉት፣ አናታችን ላይ እንደ ንብ እያለ ዞረ። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ ወደ ገላው ዞርሁ።

"ገላው፣ ግባ እንጂ፤ ቆመህ አትያቸው" አልሁት።

"እነሱን አላይም። አየሩን ነው የማየው።"

"አየሩ ምን ሆነ?"

"ነፋስ አለ። ይወድቅ ይሆን ብዬ ነው።"

አልወደቀም።

ገላው አባቱ ሲሞት ገና ነፍስ አላወቀም ነበር። እናቱ ሌላ ባል አግብታ ወደ ሉማሜ ስትሄድ እሱ እኔ ዘንድ ቀረ፤ እኔም የወለድሁት ልጅ አልነበረኝም። እታለም ብሎ ይጠራኛል። ከፍ ሲል ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የቅኔ ጉባኤ ቤት፣ ከየኔታ ሣህለ ማርያም ዘንድ አስገባሁት። በዚያው ወራት አንድ ቀጭን ልጅ ከሞጣ መጥቶ ገባ። ባየ ነበር። በአንድ ጎጆ አደሩ፤ ለምነው ያመጡትን አንድ ላይ በሉ። ቅኔ ከአጭሩ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እየረዘመና እየከበደ ይሄዳል። ገላው መካከሉ ላይ፣ ዋዜማ ከሚባለው ሲንገታገት ባየ ከላይኛው ከመወድሱ ደርሶ ነበር። የኔታ ባየን ሲጠሩት "ልጄ" ነው፤ ገላውን ሲጠሩት "አንተ"። ሰው ይህን ነገር አይረሳውም። ጢም ካበቀለም በኋላ ጆሮው ውስጥ አለ።

ሁለቱም ቅኔውን ሳይጨርሱ ወጡና ካሜራ ያዙ። መጀመሪያ የያዘው ባየ ነው። ባየ ሞጣ ፎቶ ቤት ከፈተ ሲባል ገላው ቢቸና ከፈተ። ባየ ፎቶ በትልቅ ጨርቅ ማተም ጀመረ፣ ገላውም ጀመረ። ድሮንም ገዝቶ ነበር፤ በገዛበት ሳምንት የኃይለ ሚካኤል ባሕር ዛፍ ላይ ሰክቶት ልጆች በድንጋይ አወረዱት። አዲስ ሸሚዝ ገዝቼ ብሰጠው እንኳ አገላብጦ ያየውና "ባየ እንዲህ ያለ ይለብሳል?" ይለኛል። በሥራው ሰነፍ አልነበረም። የሙሽራን ዓይን የሚይዝ፣ አሮጊትን ፎቶ ሲያነሣ የሚያስቅ ልጅ ነው። ግን አንድ ዓይኑ ሁልጊዜ በሞጣ መንገድ ላይ ነበር።

የእኔም ዓይን እዚያው ነበር ልበል። የባየ እናት ፋንታነሽ የቢቸና ልጅ ናት፤ አብረን ውኃ ቀድተናል፣ አብረን ፀጉራችንን ተሠርተናል። እሷ ማለት አጠገብሽ ስትቆም ያለሽን ሁሉ የምታሳንስብሽ ሴት ናት። እኔ ቀሚስ ሳሰፋ የሷ ጥልፍ አለው። ሞጣ ተዳረች፤ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ያም ልጅ ባየ ሆነ።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለማሽን የምጽፈው የሰማሁትን ያህል ነው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የየኔታ የድሮና የአሁን ተማሪዎች ጉባኤ ቤቱ ተሰበሰቡ። የሰበሰባቸው ሰማው ነው፤ የኔታ ሲደክማቸው በእሳቸው እግር ተማሪውን የሚያስተምረው እሱ ነው። እኔም ምሳ ይዤ ሄጄ ነበር።

"የየኔታ ቅኔ በየስልኩ ተበትኖ ቀረ" አለ ሰማው። "አንዱ ስልኩን ወንዝ ይከተዋል፣ አንዱ ይሰረቃል። ቅኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተባለ ተባለ ነው፤ የኔታ ያሉትን መልሰው አይሉትም። በአንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያስቀምጥ ማሽን ያስፈልገናል።"

"ኢንተርኔት ላይ እናስቀምጠው" አለ አንዱ ወጣት።

"የትኛው ኢንተርኔት? አንድ ቀን መጥቶ ወር የሚጠፋው?"

ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ከጀርባ አንድ ድምፅ፣ "ባየ ሞጣ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን አቁሟል አሉ" አለ።

የገላውን ፊት አየሁት። ብድግ አለ።

"የኔታ ያሉት እዚህ ነው። ድምፃቸው ለምን ሞጣ ይሰደዳል? እኔ አቆማለሁ። ከባየ የሚበልጥ አቆማለሁ።"

የኔታ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለስ አደረጉና ፈገግ አሉ። "ከሞትሁ በኋላ የት እንደምቀመጥ ስትከራከሩ መስማት ደስ ይላል። ለጊዜው ግን በሕይወት ነኝ፤ ምሳዬን ስጡኝ።"

ተማሪዎቹ እንዲህ ብለው ተስማሙ። የቢቸናዎቹ የቀዱትን ገላው ዘንድ፣ የሞጣዎቹ ባየ ዘንድ ያስቀምጡ። ለደብረ ታቦር፣ ለቡሄ፣ የቆሎ ተማሪ ሁሉ በዓሉን ሊያከብር ሲሰበሰብ፣ የማን ማሽን እንደሚሻል ታይቶ የሁሉም ቅጂ በአንዱ ቤት ይጠቃለላል። ገላው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበም። የየኔታ ድምፅ ጠባቂ መሆን ፈለገ። "አንተ" የተባለው "ልጄ" የተባለውን ሊቀድም።

ግቢዬ ውስጥ ሀይማኖት የምትባል የኮምፒዩተር መምህርት ተከራይታ ትኖር ነበር። ተመድባ የመጣችው ከሐዋሳ ነው። በጾማችን ሥጋ ስትሠራ ሽታው እንዳይወጣ በሯን ትዘጋለች፤ አክባሪ ልጅ ናት። ገላው ስልኩን ይዞ እየሄደ ይጨቀጭቃታል፤ እሷም የፈተና ወረቀት እያረመች ትመልስለታለች። እኔ ከደጅ ምስር እየለቀምሁ እሰማለሁ።

"ተራ ኮምፒዩተር አይሆንም?" ይላታል።

"ይሆናል፤ ግን ተራው ሲሳሳት ዝም ብሎ ተሳስቶ ያስቀምጣል። ሰርቨር ግን ሌት ተቀን የሚሠራ ማሽን ነው፤ አንጎሉ፣ ፕሮሰሰር የሚባለው፣ ስህተቱን ራሱ ከሚያርም ሜሞሪ ጋር ይሠራል። የየኔታ ቃል ቢዛነፍ አንተ ታርመዋለህ?"

"እኔማ ዋዜማ ላይ ቀረሁ።"

"እንግዲያው የሰርቨር ፕሮሰሰር ያዝ። ግን ትንሹን።"

"ለምን ትንሹን?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ስማኝ፤ የምትቀጥረው ዘበኛ ነው። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቁጭ ይላል፤ አልፎ አልፎ አንድ ሰው መጥቶ ክፈትልኝ ይለዋል፤ ይከፍታል፤ መልሶ ቁጭ ይላል። ለዚህ ሥራ ቦክሰኛ ትቀጥራለህ? ሥራ ሲበዛበት ስንት ይበላል ብለህ አትጠይቅ፤ ቁጭ ሲል ስንት ይበላል በል። ይህ ማሽን ዕድሜውን የሚጨርሰው ቁጭ ብሎ ነው።"

"የሚበላውማ መብራት ነው።"

"መብራቱ አለ እንዴ? ያለህ ጣሪያህ ላይ ያለው ሶላር ነው። ፀሐይ የሰጠችህን ባትሪው ይይዛል፣ ባትሪው የያዘውን ማሽኑ ይበላል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይጨምርልህም።"

ስልኳ ላይ አንድ ዓይነት አሳየችው። ጠፍጣፋ፣ ማራገቢያ እንኳ የሌላት ነች፤ ሁለት አምፖል የምትበላውን ያህል ትበላለች አለችው። ገላው አገላብጦ አያትና፣ "ሚጢጢ ናት" አለ። ግን እሺ አለ። ያን ምሽት ራት ላይ ስለ ትንሿ ፕሮሰሰር እየነገረኝ በላ፤ ልቡ ያረፈ መሰለኝ።

በማግሥቱ የባየ አባት ሞቱ ተባለ።

ለቅሶ አይቀርም። የሚቀኑበትም ሰው ቢሆን ይደረሳል። እኔና ገላው ጧት አውቶቡስ ይዘን ወጣን። ግንደወይን ስንደርስ ሰዉ ቁርስ ሊበላ ሲወርድ ገላው አልወረደም፤ መስኮቱን እያየ "ማሽኑን የት ያስቀምጠው ይሆን?" አለኝ።

"ሰውዬው ሞቶ ነው የምንሄድ፤ ነውር ነው" አልሁት።

"መጠየቅማ አልጠይቅም። ለቅሶ ቤት የሥራ ወሬ አይነሣ።"

ሞጣ ስንደርስ ፋንታነሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔም ከልቤ አለቀስሁ። ጥቁር ለብሳም ታምራለች። ተቀምጠን እንባዋን ስትጠርግ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ "ገላው አሁንም ያችው ፎቶ ቤት ናት ያለችው?" አለችኝ። ባሏ በሞተ በሁለተኛው ቀን! "ያችው ናት፤ ተመስገን" አልኋት።

ገላው ወንዶቹ ከተቀመጡበት አግዳሚ ጥግ ይዟል። ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቡ መደርደሪያ ላይ አኑሯል። ሰዉ ሟቹን እያነሣ ሲያዝን እሱ አንገቱን ወደ ግድግዳው ሰብሮ ቀርቷል። ባየ ዓይኑ ቀልቶ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ፤ "ወንድሜ፣ ደከመህ፤ ያን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብለህ" አለው። ገላው "እግዜር ያጥናህ" አለና ጆሮውን መልሶ ወደ ግድግዳው።

ለመሄድ ስንነሣ ደጅ ላይ ክንዴን ያዘኝ። "እታለም፣ ሰማሽው?"

"ምኑን?"

"ከግድግዳው ወዲያ ያለውን። እንደ ወፍጮ ይላል። ከመጣን ጀምሮ ዝም አላለም።"

እውነት ነው፣ እኔም ሰምቼዋለሁ። ግድግዳው ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ አገር ደግሞ ወፍጮ በጆሮ ነው የሚመረጠው። ድምፁ ቀጠን ያለ እንደሆነ እህሉን ሰብሮ ይተፋዋል፤ ድምፁ ከበድ ካለ ያደቅቃል፤ ሴቱ ሁሉ ከሩቅ ሰምቶ ወደዚያ ይሰለፋል። እኔም ገላውም ያንን ለምደን ያደግን ነን።

"እና?" አልሁት።

"እናማ የባየ ማሽን ትልቅ ነው። ያች መምህርት እኔን እንደ ልጅ አሻንጉሊት ልታስገዛኝ ነበር።"

ተመልሰን ገላው ይህን ሲነግራት ሀይማኖት ብድግ አለች። "ማሽኑን አይተኸዋል?"

"ሰምቼዋለሁ።"

"ሰምቼዋለሁ? በጆሮ ነው ፕሮሰሰር የሚመረጠው? ለምን አልጠየቅኸውም?"

"ለቅሶ ቤት?"

"ከለቅሶ ቤት ስትወጣ!"

"ባየን? እኔ? ምክር ልጠይቅ?" አለ ገላው። ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ያስወገደውን አሮጌ ሰርቨር ከደላላ እጅ ገዛ። ሁለት ሰው ተሸክሞ ከእኔ ቤት አስገባው። ፕሮሰሰሩ ያኔ በዘመኑ የትልቅ ድርጅት ሥራ ይሠራ የነበረ ነው አሉ። ሲያስነሣው ቤቱ ጮኸ። ድመቴ በመስኮት ዘልላ ወጣች፤ ሁለት ቀን አልተመለሰችም። ገላው ከማሽኑ ፊት ቆሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ "ይኸው! ይህ ነው ድምፅ!" አለ።

ጎረቤታችን ምስራቅ በአጥር በኩል አንገቷን አስግጋ፣ "እታለም! ወፍጮ ተከላችሁ እንዴ? ጤፌን ላምጣ?" አለች።

"አምጪ፣ የቅኔ ዱቄት እናወጣልሻለን" አላት ገላው። ያን ሰሞን ይቀልድ ነበር። ቀና ብሎ ይሄድ ነበር። እኔም በገበያ ቀን የሞጣ ሰው ሳገኝ "የእኛው ልጅ ትልቅ ማሽን አቆመ" እላለሁ፤ ወሬው ፋንታነሽ ዘንድ እንዲደርስ ነው።

ግንቦት ፀሐይዋ አልጎደለችም፤ ማሽኑም ሠራ። የቢቸና ተማሪዎች እየመጡ በስልካቸው ያለውን የየኔታን ቅኔ አስገለበጡ። ስልካቸው ሞልቶ ስለነበር ገላው "ከእኔ ዘንድ አለ፤ አጥፉት" ይላቸዋል፤ አጠፉት። የኔታም በበቅሎ ተጭነው መጥተው አዩለት፤ ማለቴ ሰሙለት። ክፍሉ በር ላይ በዘንጋቸው ተደግፈው ቆሙ።

"አንተ፣ ይህ ሁሉ ጩኸት የእኔን ድምፅ ለመያዝ ነው?"

"አዎ የኔታ።"

"እኔ እንኳ እንዲህ ጮኼ አላውቅም" አሉና ተመለሱ። ሰዉ ሳቀ። ገላው ሳቀ፤ ግን "አንተ" መባሉን ሰምቻለሁ፤ እሱም ሰምቷል።

ሐምሌ ገባ። የእኛን ክረምት የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፦ ደመናው ጣሪያ ላይ ይተኛል። ጧት የጀመረው ዝናብ ማታ ያባራል፤ ማታ የጀመረው ጧት። ሶላሩ እንደ እርጥብ ድንጋይ ሆኖ ተቀመጠ። መብራት ኃይሉም ይመጣል ይሄዳል። ማሽኑ ግን ሠራም አልሠራም እኩል ነበር የሚበላው፤ ቁጭ ብሎ ይበላል። ሀይማኖት ያለችው ያንን ነበር። ገላው መጀመሪያ ከዚያው ሶላር ይበሩ የነበሩትን የፎቶ ቤቱን አምፖሎች አጠፋ። ከዚያ ማተሚያውን አቆመ፤ ፎቶ የሚፈልግ ሰው እየተመለሰ ሄደ። ከዚያ የቤቴን መብራት ነቀለው፤ በኩራዝ ተቀመጥሁ። ባትሪው ሁሉ ለዚያ ሆዳም ማሽን ሆነ፤ እሱም አልጠገበም። ሥራ ላይ እያለ በድንገት ጭጭ ይላል፤ ገላው እንደገና ያስነሣዋል፤ እንደገና ጭጭ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፤ ከማሽኑ ውስጥ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ሀይማኖት ከፍታ አየችው። "እንዲህ ብዬህ ነበር" አላለችም፤ ለዚህ እወዳታለሁ። "ቅጂው የተቀመጠባቸው ዲስኮች የተረፉ ይመስለኛል" አለች። "ግን ሲጻፍባቸው ነው መብራት የሄደው። በተራ ኮምፒዩተር አይከፈቱም፤ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ያለ ማሽን ያለው ሰው አስነሥቶ ወደ ራሱ መገልበጥ አለበት። ቢቸና ውስጥ የለም።"

"የት አለ?"

ሀይማኖት የዲስኮቹን አቧራ ጠረገች። ሞጣ እንዳለ ሦስታችንም እናውቃለን።

"አልሄድም" አለ ገላው።

"ገላው፣ ተማሪዎቹ ከስልካቸው አጥፍተውታል። ያለው እዚህ ብቻ ነው።"

"ሞጣ ተሸክሜው ልሂድ? ዲስኮቼን ለባየ ልዘርጋ? ያኔ እኮ አበቃ። ለቡሄ ምን አለኝ?"

እኔም ያን ጊዜ ከእሱ ጋር ነበርሁ። ፋንታነሽ በሯን ከፍታ፣ ያን ፈገግታዋን ይዛ ስትቀበለን ታየኝ። ዲስኮቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ሣጥኔ ውስጥ ገቡ። ሰማው ከጉባኤ ቤት መጥቶ "የሆሣዕናውን ቅኔ አውጣልኝ፤ ልጆቹን ላስተምርበት" ሲለው ገላው "መብራት የለም" አለው። በሳምንቱ መጣ፤ "ዝናብ ነው" አለው። ሰማውም ሞኝ አይደለም፤ ወደ ጣሪያው አይቶ፣ ወደ ገላው አይቶ፣ ጥላውን ዘርግቶ ሄደ።

የለወጠው የኔታ ናቸው። ብርዱ ደረታቸው ገብቶ ድምፃቸው ተዘጋ ተባለ። ገላው ማር ይዞ ሊጠይቃቸው ሄደ፤ ከኋላው እኔም ደረስሁ። የኔታ ቁርበታቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ተጋድመዋል። ተማሪዎቹ ዙሪያውን በሹክሹክታ ያጠናሉ። የኔታ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እጃቸውን ዘርግተው የገላውን እጅ ዳበሱት፤ ማን መሆኑን ያወቁ አልመሰለኝም። ገላው ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ ሰው ሳይሰናበት ወጥቶ በጭቃው ከፊቴ ሮጠ ማለት ይቻላል። ቤት ስደርስ ሣጥኔ ተከፍቷል፤ ዲስኮቹን በፌስታል ላይ ፌስታል እየደረበ ይጠቀልላል።

"አብረሽኝ ትሄጃለሽ?" አለኝ።

"ብቻህንማ ለእነሱ አልሰጥህም" አልሁት።

ስልክ ሳንደውል ሞጣ ስለደረስንበት ባየ ደነገጠ። "ማን ሞተ?" አለ መጀመሪያ። ገላው ፌስታሉን አቀበለው። "ማሽኔ ሞተ። የየኔታ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነው። ታወጣልኛለህ?" አለው፤ እንደ ድንጋይ ነው ከአፉ ያወጣት። ባየ አልሳቀም፤ አልጠየቀም። "ግባ፣ ጫማህ በስብሷል" አለው። የባየ ክፋቱ ይህ ነው፤ እንዳትጠላው ደግ ነው።

"ማሽንህ የታለ? ከግድግዳው ወዲያ ነው?" አለ ገላው።

"የምን ግድግዳ?"

"ያ የሚጮኸው።"

ባየ ግራ ገባው። ጆሮውን ቀሰረና ሰማ። "እሱማ የጎረቤቴ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ነው! ዕድሜ ልኩን ሲንጫጫ የሚኖር፤ አባቴም በሱ እንደተማረሩ ሞቱ። ማሽኔ ያችውና።" መደርደሪያው ላይ መጽሐፍ የምታህል ጥቁር ሣጥን አለች፤ ድምፅ የላትም፣ አንዲት ሰማያዊ መብራት ብቻ። "ለለቅሶው የመጣህ ጊዜ ባርኔጣህን አኑረህባት ነበር። እንዳትሞቅብኝ ብዬ ላነሣልህ አስቤ፣ ቅር ይልሃል ብዬ ተውሁት።"

ገላው ተቀመጠ። ሣጥኗን በእጁ ዳበሳት። "ፕሮሰሰሯ ምንድን ነው?" አለ። ባየ ነገረው። ሀይማኖት በስልኳ ያሳየችው ያችው ዓይነት ነበረች። ክረምቱን ሙሉ በአንድ ሶላርና በአንድ ባትሪ አንዴም አልጠፋችም አለ።

ዲስኮቹን ለማንበብ ቀናት ፈጀ። አብዛኛው ወጣ። የመጨረሻዎቹ፣ መብራት ሲሄድ ይጻፉ የነበሩት፣ አልተነሡም፤ የሐምሌ ሥላሴ ቅኔ ከነሱ ጋር ሄዷል። ገላው ያን ሲሰማ ወደ ጓሮ ወጥቶ ዝናብ ላይ ቆመ። ፋንታነሽ በመስኮት አይታው፣ "እንዲህ ነው የሚያደርገው ልጅሽ?" አለችኝ። "ሐዘን ሲገባው እንዲህ ነው፤ አስመስሎ አያውቅም" አልኋት። በዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ቃል ያሸነፍኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለቡሄ የኔታ ተሽሏቸው ከተማሪው መሐል ተቀመጡ። ገላው ሳይጠየቅ ተነሥቶ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። የጠፋውንም ተናገረ። ጥቂቶች አጉረመረሙ፤ ሰማው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። የኔታ "የጠፋው የማን ነው?" አሉ።

"የእርስዎ ነው፣ የኔታ።"

"እንግዲያው ሌላው ዝም ይበል" አሉ። "ልጄ" አላሉትም። እኔ ጠብቄ ነበር፤ እሱም ጠብቋል፤ አላሉትም።

ቅጂው ሁሉ ሞጣ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ባየ ግን አንድ ነገር አነሣ፦ ቅጂው ተደበላልቋል፤ የትኛው ቅኔ በየትኛው በዓል፣ በየትኛው ዓመት እንደተባለ ሰምቶ የሚለይ ያስፈልጋል አለ። "እኔ ብቻዬን ተቀምጬ እለየዋለሁ" ሲል ገላው ከተቀመጠበት ተነሣ።

"ብቻህን አይሆንም" አለ። "ግማሹን የቀዳሁት እኔ ነኝ።"

"ና እንግዲያ።"

"እመጣለሁ።"

ወደ ቤት ስንመለስ "ለምን?" አልሁት። "እዚያ ሄደህ በሱ ቤት፣ በሱ ማሽን?"

"እታለም፣ እሱ ተቀምጦ በየቅኔው ላይ ስም ሲጽፍበት እኔ እዚህ ሙሽራ ሳነሣ ልኑር? እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስልሻል?"

አይመስለኝም ነበር። እኔንም አልወሰደኝም። ሄደ። አሁን ምሳውን የምታቀርብለት ፋንታነሽ ናት፤ ሲታመም የምታውቀው እሷ ናት። በስልክ "ጠገብህ?" ስለው "ጠገብሁ" ይለኛል፤ ቢራብ ይሻለኝ ነበር ብዬ ደግሞ አፌን እይዛለሁ።

ለመስቀል አንድ ጊዜ መጥቶ አይቶኛል። ያን ጊዜ ካሜራውን ሸጦ የቢቸናውን ፎቶ ቤት ቁልፍ ለአከራዩ ለኃይለ ሚካኤል መለሰ። ገላው አሁን ያለው ሞጣ ነው፤ ከባየ ግቢ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል።